ከሦስተኛ ወገን ነፃ

ያን ሰሞን ቡራዩ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ወጣቶች አስፋልቱን በድንጋይ አጥረውታል፤ ወታደር ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ይሄዳል። ስልክም ኢንተርኔትም ጠፍቷል። እኔ በተከራየኋት ክፍል ላፕቶፔን ታቅፌ ብቻዬን አወራለሁ።

አዲስ አበባ ባለችው ቢሯችን አምስት ሆነን ለክሊኒኮች ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ሶፍትዌሩ የሚሠራበት ፕላትፎርም የአንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ነው፤ እኛ የወሰድነው ግን ሌሎች ሰዎች ያንኑ ፕላትፎርም በትርፍ ሰዓታቸው እንደ አዲስ ጽፈው በነፃ የለቀቁትን ነው። ፈቃዱ አጭር ነበር፦ ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ሽጡ፤ በየፋይሉ አናት ላይ ያለውን ስማችንን ብቻ አትንኩ።

እኔ ነካሁት። አለቃዬ "የራሳችን ምርት ይምሰል" ቢለኝ፣ ነፃ አይደል ብዬ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠርጌ የእኛን ለጠፍኩ። ሲያመሰግነኝማ ደረቴን ነፋሁ።

የጻፉት ሰዎች ደረሱብን። ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት የመጣው ደብዳቤ፣ ስሞቹ እስከ ዓርብ ካልተመለሱ ለክሊኒኮቹ በሙሉ እንደሚያሳውቁ ይላል። ክሊኒኮቹ ከተዉን አምስታችንም ሜዳ ላይ ነን። ዋናውን ቅጂ የማወርድበት የለኝም፤ እጄ ላይ ያለው የተጠረገው ብቻ ነው። ዕለቱ ደግሞ ሐሙስ።

ጠዋት አከራዬ፣ ኦቦ እያልኩ የምጠራቸው ሽማግሌ ገበሬ፣ በሩን ገፋ አድርገው "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ። ፊቴን ሲያዩ ቁጭ አሉ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

"ነፃ ነው ካሉ ምን ያጣላችኋል?"

"ነፃ ነው ኦቦ፣ ግን ባለቤት አለው።"

በበሩ በኩል ወደ ማሳቸው አመለከቱ።

"የመሬት ቢሮ ሰዎች ለማስተር ፕላኑ ሲወስዱት የኔንም መሬት እንደዚያ ነው የጻፉት። ከሦስተኛ ወገን ነፃ ይላል ወረቀቱ። ጤፌ እንኳን ሳይታጨድ! ሦስተኛው ወገን እኔ ነኝ እንዴ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ?"

"የጻፈውን ሰው ያውቁታል?"

"ስሙን አላውቅም። እንዳንተ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው። ትሁት ነው፣ ወንበር ሰጥቶኛል።"

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን እኔን ለመንካት ያሉት አይመስለኝም፤ "አይዞህ" ብለውኝ ወጡ።

መንገዱ ቢከፈት አስተካክዬ ወደ ቢሮ ይዤ እንድሮጥ ብዬ የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ። ስሞቹን ከትዝታዬ ልጽፍ ነበር። ያን ሁሉ ሰው በገዛ እጄ ነው የሰረዝኩት፤ እስከ ቀትር ብቀመጥ የአንዳቸውም ስም አልመጣልኝም።