ከቀዶ ጥገና የተረፈ ኦክስጅን

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ጅጅጋ በተመደብኩ ሰሞን የሕፃናት ክፍሉ የራሱ ኦክስጅን አልነበረውም። ያለው የኦክስጅን ቦምቦላ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ንብረት ነው። እዚያ ሲሠራበት ቆይቶ ለትልቅ ሰው የማይበቃ ሲሆን በጋሪ እየተገፋ ወደ እኛ ይመጣል። አዲሱ ከድሬዳዋ የሚነሣው ደግሞ ለሚያመጡት የጭነት መኪኖች የጦር አጃቢ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ለእኛ የሚደርሰው ሊያልቅ የተቃረበው ነው፤ እሱንም የምንሰጠው በጣም ለደከመው ሕፃን ብቻ ነበር። በአፍንጫው ቱቦ ተደርጎለት ድኖ ሲወጣ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ቱቦው ራሱ ነፍስ ይወስዳል ይባል ነበር።

ከቀብሪበያ በከብት መኪና የመጣችው ወጣት እናትም ይህን ሰምታለች። ልጇ የተወለደው በሰባት ወሩ ነው። በተነፈሰ ቁጥር ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ያቃስታል። ቱቦውን ሳቀርብ ልጁን በሻርፗ ሸፈነችው። የእኔ ሶማሊኛ ከሰላምታ አያልፍም። ያስተረጎመችልን የባሏ እናት ናት፤ ጅጅጋ ገበያ ወተት በመሸጥ ብዙ ዓመት ስለኖረች አማርኛ ትችላለች።

“ሐኪሟ ይቺ ናት?” ብላ አሮጊቷ ነርሷን ጠየቀቻት። “እሷ ራሷ እኮ ገና ጡት አልጣለችም።”

ነርሷ ሳቀች። እኔ አቀርቅሬ ቱቦውን ማስተካከል ያዝኩ።

ይድናል አላልኩም። ኦክስጅኑ ትንሽ እንደሚያሳርፈው፣ ደረቱ ብቻውን የሚታገለውን ትግል እንደሚያቀልለት ቀስ ብዬ አስረዳሁ። አማቷ ያን ሁሉ በሁለት ቃል ነገረቻት። ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቲቱ ሻርፑን ገለጠች።

ቱቦውን በፕላስተር ጉንጮቹ ላይ ሳጣብቀው ከዓይኑ በታች ያለው ፊቱ በሙሉ ተሸፈነ። የግሉኮስ ጠርሙሶች ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ግራና ቀኙ አስተኛናቸው። ኦክስጅኑ በሚያልፍበት የውሃ ጠርሙስ ውስጥ አረፋው መንፈቅፈቅ ጀመረ። ቀኑ ሳይመሽ ከንፈሩ ቀላ፤ ማቃሰቱም ቀነሰ። እናቱ ከአረፋው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

በማግስቱ ጠዋት የቦምቦላው መለኪያ መርፌ ወደ መጨረሻው ወርዶ አገኘሁት። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። መኪኖቹ ገና ሐረር እንደቆሙ ነገረኝ። እሱ ዘንድ የቀረው አንድ ቦምቦላ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተኝታለች።

“የእሷን ልስጥሽ?” አለኝ።

ሊያሳፍረኝ ብሎ አይደለም፤ እውነቱን ነበር የጠየቀኝ። በቃሬዛው አጠገብ አልፌ ወጣሁ።

ስመለስ አረፋው አንድ አንድ እያለ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ቆመ። እናቱ ቀና ብላ አየችኝ። አየር በእጅ እየተጨመቀ የሚሰጥበት ፊኛ የነበረን የትልቅ ሰው ብቻ ነው፤ ጭምብሉ ያን ትንሽ ፊት ይውጠዋል። ሕፃኑ መተንፈሱን ሲረሳ ውስጥ እግሩን በጣቴ እመታዋለሁ፤ ደንገጥ ብሎ ይተነፍሳል። እንዴት እንደሚደረግ ለእናቱ አሳየኋት። እየተፈራረቅን እንመታዋለን። ይህም ሳያነቃው ሲቀር በአፌ ትንሽ ትንሽ እነፋለታለሁ፤ ደረቱ ከፍ ይላል፣ ይመለሳል። ከዚያ ሳይተነፍስ የሚቆይበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ምሳ ሰዓት አልፎ መንፋቴም እግሩን መምታታችንም አልመለሰውም።

ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ምንም አልነበረም። ቀና ካልኩ መናገር ይኖርብኛል። እናቱ ውስጥ እግሩን መምታቷን አላቋረጠችም። አማቷ እጇን ያዘቻት።

እናቲቱ አንድ ነገር አለች።

“ቱቦውን አንሽለት ትላለች” አለችኝ አማቷ።

ቆዳው እንዳይላጥ ፕላስተሩን በእርጥብ ጥጥ እያራስኩ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ታየ፤ አፍንጫው፣ ላይኛው ከንፈሩ፣ ጠባብ አገጩ። አሮጊቷ ጎንበስ ብላ አየችው።

“ቁርጥ አባቱን ነው” አለችኝ በአማርኛ።

ከዚያ ለእናቱ በሶማሊኛ ደገመችላት።