አዳራሹ ሁሉ ያሳለበት ፊልም

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ዘልዬዋለሁ። ስለ ፊልም ንስሐ ይገባል እንዴ? እናንተ ፍረዱ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ የምፈልግበት ጊዜ ነበር። በምንኖርበት ግቢ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ሲኒማ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ቀድሞ አይቶ ይነግረው ነበር። ተምራለች ብለው ያን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ።

ጋሼ ከድር መሳለሚያ አጠገብ ሰርግ በቪዲዮ የሚቀርጹ ጎረቤታችን ናቸው። ስድስት ዓመት ለፍተው አንድ ፊልም ሠሩ። ሲኒማ ቤቱ ሁለት እሑድ ሰጣቸው፤ በሁለተኛው ሰው ካልመጣ ይወርዳል።

በመጀመሪያው እሑድ ገባሁ። በፊልሙ አንዲት አሮጊት በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ ፊቷ ሸራውን ሞልቶ፣ ያለ ንግግር፣ ለረጅም ጊዜ። ከፊቴ የነበሩት እየተሳደቡ ወጡ።

«ይሄ ደግሞ ፊልም ነው?» አለ አንዱ።

«ካልፈለግክ ውጣ። እኔ እናቴን እያየሁ ነው» አለው ጎኑ ያለው።

ከዚያ በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ሳለ። ሌላው ተከተለ። እኔም ሳልኩ። በመጨረሻ የቀረነው ሁሉ ሳልን። በርበሬው ያለው እኮ ሸራው ላይ ብቻ ነው። አለቀስኩ።

ስመለስ ባለሱቋ እትዬ ዘነበች ከሌሎቹ ነጋዴዎች ጋር የግቢው ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። «እህሳ፣ የሚቀጥለው እሑድ እንዝጋ?»

በርበሬ በረንዳ በርበሬ የሚነግዱት ጋሼ ሙደሲር ቀደሙኝ። «ግማሹ ሰው ጥሎ ወጣ አሉ። ቀኑን ሙሉ በነፃ የሚያስነጥሰኝን ደግሞ ትኬት ቆርጬ ልሂድበት?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «አትድከሙ» አልኩ።

ለምን አልኩ? የተማረችው ልጅ በርበሬ አይታ አለቀሰች እንዳይሉኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሂዱ፣ የሚጠላውም እዚያው ተቀምጦ ይጥላው፣ ስትወጡ ተጨቃጨቁበት ማለት እችል ነበር። እኔ ግን አትድከሙ አልኩ።

ማንም አልደከመም። ፊልሙ ወረደ።

ከዓመታት በኋላ በሲዲ አግኝቼ ቤት ከፈትኩት። አሮጊቷ አውራ ጣቴን ታክላለች። ብቻዬን ነበርኩ። ሳል የሚባል ነገር አልመጣም። አሁን ሂዱና እዩት ብል የት ልስደዳቸው? ያ አዳራሽ፣ ያ ጨለማ፣ ያ የተጣላ ሰው ተመልሶ አይሰበሰብም።

የእህቴን ሰርግ የቀረጹት ጋሼ ከድር ነበሩ። ካሜራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ያን ቀን ሰው ሲወጣ አንቺ እስከ መጨረሻው ስትቀመጪ አይቼሻለሁ። እሱ ይበቃኛል» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው። ሌላ ፊልም አልሠሩም።

ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው አልላችሁም። ዓይን አፋር ሰው ዝም ይላል። እኔ ተናግሬያለሁ።