ጠማማዋ ስፌት

ጋሽ መስመርን በቅጡ አውቃቸዋለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። እሳቸው ዘንድ ሱሪ ከማሰፋት በቀር ቤተኛ አልነበርኩም። ስለ ሰው ለመጻፍ ይሄ እንደማይበቃ ይገባኛል፤ ቢሆንም ያየሁትን ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ ከበደኝ።

ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከመጋረጃው ጀርባ እሳቸውና ባለቤታቸው ይኖሩባታል። "መስመር" ብሎ ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። እሳቸው የሰፉት ሱሪ ላይ ዝንብ እንኳ ብታርፍ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው ይባላል።

ታዲያ ደም ግፊት በድንገት ጣላቸውና ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለች። ከሆስፒታል ወጥተው ሱቃቸው ውስጥ ሲቀመጡ፣ ያቺ እጅ ጭናቸው ላይ በአደራ እንደተቀበሉት የሰው ዕቃ ተጋድማ ነበር። በዚያ ሰሞን የእህታቸው ልጅ የስፌት መኪናውን ስጡኝ ሊል መጣ። እሱም ልብስ ሰፊ ነው፤ ክፉ ልጅም አይደለም።

"መኪና ካልሠራ ይዝጋል አጎቴ። እርስዎም ቢያርፉ ይሻላል" አላቸው።

"ቅዳሜ ና" አሉት። "ይቺን ሱሪ በዚችው እጄ ሰፍቼ ካልጠበቅኩህ መኪናውን ይዘኸው ሂድ።"

ሱሪዋ የእኔ ነበረች። ከመታመማቸው በፊት ጀምረዋት የአንድ ጎን ስፌት ብቻ ቀርቷት ነበር። ጨርቄን ልውሰድ ማለት አፍሬ፣ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አግዳሚው ላይ እቀመጥ ጀመር።

ግራ እጃቸው ቀኟን አንስታ ከመኪናው መርፌ ሥር ያለው ጨርቅ ላይ ታስቀምጣታለች። ከዚያ ይጠብቃሉ። ጣቶቿ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው አንድ በአንድ ይነቃሉ። አውራ ጣት ጨርቁን ትንሽ ትገፋለች፤ መርፌዋ ወርዳ ትወጣለች፤ ግንባራቸውን ላብ ያጠምቀዋል። ቋጥኝ የሚፈነቅሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚታገል ግን አላየሁም። የተገፋችው ጨርቅ ደግሞ ከጥፍር አትበልጥም።

"አንቺ ሰነፍ! ተነሺ እንጂ!" ይላሉ።

"ማንን ነው የምትሳደበው?" ይላሉ ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ።

"እጄን ነው።"

"እኔን መስሎኝ ማማሰያ ሳነሳ ነበር።"

"አንቺንማ በየት ወኔዬ!"

ዓርብ ማታ ስፌቱ አለቀ። አለቀ ይባል እንጂ ሰካራም የሄደበት መንገድ ነበር የሚመስለው፤ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ጭራሽ ጎብጧል።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ እሳቸው እጃቸውን ሊያሳሹ ክሊኒክ ሄደዋል። መኪናው ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው ናቸው። ጠማማውን ተርትረው እንደ አዲስ ሰፍተውታል፤ ያ የድሮው ቀጥ ያለ የጋሽ መስመር ስፌት ሆኗል።

"ትንፍሽ እንዳትል ወንድሜ" አሉኝ። "ልጁ ያንን ጠማማ ካየ መኪናውን መውሰዱ ነው። መኪናው ከሄደ ደግሞ ሰውዬውም አብሮ መሄዱ ነው።"

እሺ አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ቀጥ ያለ ሱሪ የማይወድ ማን አለ?

ጋሽ መስመር ተመልሰው ሱሪዋን አነሱ። ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት።

"ይሄ የኔ አይደለም።"

"ምኑ ጎደለ? ይኸው ቀጥ ብሎልህ!" አሉ ባለቤታቸው።

"እኔ ነኛ የጎደልኩት።"

"መኪናውን እንዳይወስድብህ ብዬ እኮ ነው!" እንባቸው መጣ።

"እሱንማ አውቄልሻለሁ የኔ እመቤት። በይ ምላጩን አቀብዪኝ።"

ጨርቁን በጥርሳቸው ወጥረው በግራ እጃቸው ተረተሩት። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመሩ። የእህታቸው ልጅ የሚገፋ ጋሪ ከነባለቤቱ ተከራይቶ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸው ጀመር። ውጭ ባለጋሪው "ትጭናላችሁ ወይስ ልሂድ?" እያለ ይጮሃል። የሁላችንም ዓይን መርፌዋ ላይ ነበር።

እኔ ልፋት ዋጋው ፍሬው ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ፍሬው እኮ እጃቸው ገብቶ ነበር፤ ያውም ያማረ። እሳቸው ግን ምላጭ አንስተው በተኑት፤ የዚያችን እጅ ልፋት መልሰው ወሰዱ። ያን ሳይ ጠጉሬ ቆመ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስሙን የማላውቀው ትልቅ ነገር እየተደረገ መሰለኝ፤ ቃል ባወጣ የምሰብረው።

ፀሐይዋ በሩን ለቃ ስትሄድ ጨረሱ። ከዓርቡ ቢሻልም ጠማማ ነው። ልጁ ሱሪዋን ወደ ብርሃን አውጥቶ ስፌቱን በጣቱ ተከተለው።

"እዚህ ጋ ደክሞዎታል አጎቴ" አለ በቀስታ። "እዚህ ጋ እጅዎ ከድታዎት ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ መልሰው ይዘዋታል..." ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ሱሪዋን አጥፎ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ወጣና ባለጋሪውን አሰናበተው።

ባለቤታቸው መጋረጃውን ይዘው ቆመዋል። እኔ ከጀርባው ገብቼ ሱሪዋን ለብሼ ወጣሁ። እንደ እኔ ያለ ዓይን አፋር እንዴት ደፍሮ እንደጠየቀ እንጃ፤ "ጋሼ" አልኳቸው፣ "ዛሬ ባይጨርሱት ኖሮስ? መኪናውም ቢሄድ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይሆን ነበር?"

ቀና ብለው አዩኝና ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ሜትር አነሱ።

"ዙርማ" አሉ፣ "ወገቡን ልየው።"