በቃኝ የማይሰሙ ሁለት ሴቶች

በቃኝ የሚል ቃል እናቴ ጆሮ አይገባም። እንግዳ ሳህኑን በእጁ ቢጋርድ እንኳ እጁን ገፋ አድርጋ፣ "በሞቴ" ብላ ትጨምርበታለች።

ዳላስ ልትጠይቀኝ የመጣች ሰሞን ኮሪያ ምግብ ቤት ወሰድኳት። ከዋናው ምግብ በፊት ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ የኮመጠጠ ጎመንና ድንች በትንንሽ ሳህን ቀረበ። ማስተረፍ ነውር ነው ብላ ጥርግ አድርጋ በላች። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ኮሪያዊት፣ ፈገግ ብለው ሞሉላት። ጨረሰች፤ ደግመው ሞሉላት። በመጨረሻ ሳህኑን በእጇ ጋረደች። ሴትዮዋ እጇን ቀስ ብለው ገፋ አድርገው ጨመሩላት።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን እያላላች፣ "ሰው በቃኝ ሲል አይሰሙም እንዴ?" አለችኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ነዳሁ።

እሁድ ቤቴ እንግዳ ጠራች። የመጀመሪያው እንግዳ ሳህኑን በእጁ ሲጋርድ ዓይን ዓይኗን አየኋት። እሷ እቴ፣ እጁን ገፋ አድርጋ ጨመረችለት።