በሁዳዴ የቀረበልኝ ጥብስ

ፊደል የቆጠርኩት ሁለተኛ ልጄን አዝዬ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነገሌ ሲገባ ከጎረቤቶቼ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ፤ እነሱ ምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ሲበተኑ እኔ ማታ ትምህርት ቤት ገባሁ። በኋላም በከተማችን የሕዝብ ንባብ ቤት ተቀጠርኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው መጻሕፍቱን የሚደረድረው በቁመታቸው ነበር። እኔ በይዘታቸው ደረደርኳቸው። ረጅሙ ከአጭሩ ጎን ሲቆም ዓይን ያስቀይማል ብለው የሳቁብኝ ነበሩ። ይሳቁ።

ለቤተ መጻሕፍት ሥልጠና ወደ ቡልጋሪያ የሚሄድ ሰው ሲፈለግ ከአውራጃው የወጣው ስም የእኔ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሃይማኖቷን ጥላ ልትመጣ ነው አሉ፤ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሰዎች ደግሞ ሃይማኖቷን ይዛ ልትሄድ ነው አሉ። እኔን የጠየቀ አልነበረም።

የንስሐ አባቴ እቤቴ ድረስ መጥተው፣ ባልሽ ሹፌር፣ አንቺ ባሕር ማዶ፣ ማታ ማታ ልጆቹን ማን ያጸልያቸዋል አሉኝ። ነገሩ ያመኝ ነበር። በቤታችን መብራት ሲበራ ሦስቱን ልጆች ወደ ምሥራቅ አቁሜ አባታችን ሆይ ሳላስደግም አድሬ አላውቅም። ቢሆንም አልተዋጠልኝም።

«አባ፣ ባሌ የወሩን እኩሌታ ዶሎ ኦዶና ሜጋ ነው የሚያድር። ለእሱስ አንድ ቀን ይህን ብለውት ያውቃሉ?»

መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ።

ባሌ ነገሩን ስነግረው መኪናው ሥር ተኝቶ ዘይት እየቀየረ ነበር። ብቅ እንኳ ሳይል፣ እኔ መንገድ ከርሜ ስመለስ ቤቱን ቆሞ አገኘው የለም ወይ፣ አንቺም ታገኚዋለሽ አለኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የጽሕፈት ቤቱ ካድሬ ነበር። ቢሮው አስጠርቶኝ፣ ሶሻሊስት አገር ሄደሽ ጾመኛ ነኝ እያልሽ እንዳታዋርጂን አለኝ። ምግብ ቤት የምሳ ሽኝት አዘጋጅቶልኝ ነበር፤ መሄድ መቅረቴም እዚያ ይለያል። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ምን እንደሚቀርብ ሳይነገረኝ ገባኝ።

እንደፈራሁትም ትልቅ ትሪ ጥብስ መጣ። በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት አብዛኞቹ በእሑድ ስብሰባ ላይ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው ሲሉ የምሰማቸው ነበሩ። እጃቸውን ታጠቡ። አንዱ እንጀራውን ቆርሶ ሥጋውን ሊጠቀልል ሲል ትዝ አለውና፣ በዚህ ጾም ሉካንዳው ተዘግቶ የለም እንዴ፣ ይኼ ከየት ተገኘ ብሎ ጠየቀ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት የጉራጌ ሰው ነው፣ እሱም ጾመኛ። ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ፣ «የኛማ እስከ ፋሲካ ዝግ ነው። ጓድ ሥጋ ይቅረብ ስላሉኝ ከሙስሊሞቹ ሉካንዳ አስመጣሁ» አለ።

የጠቀለለው ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። ሌላው ውኃ ጠጣ። አንዱ ሆዴን አሞኛል አለ። ጾሙን ለመሻር ያላመነቱ ሰዎች ሙስሊም ያረደውን ለመብላት ግን እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ የእናታቸው ምክር ከስብሰባው ሁሉ በረታ። የንግድ ቢሮው ሰው ብቻ፣ ሙስሊም ነውና፣ ትሪውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ «እንግዲህ ሽኝቱ የኔ ሆነ ማለት ነው» እያለ በደስታ ይጎርሳል።

ካድሬው አፈረ። ሲያፍር ደግሞ ወደ እኔ ዞረ።

«ብዪ እንጂ ጓድ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

እኔ በሰው ፊት ብዙ አልናገርም። ያን ቀን ተናገርኩ።

«እርስዎ ይቅደሙኝ። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ አልበላም፤ ደብቄም አላውቅ። እርስዎ ግን ሃይማኖት የለም ካሉን ቢላዋው የማን እንደሆነ ምን ያገባዎታል?»

የንግድ ቢሮው ሰው ሳቅ አነቀው። ካድሬው አንድ ጉርሻ ጠቀለለ፤ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ተነሣ። እጁን ሳይታጠብ ነው የወጣው። ጾመኛ ናት ብሎ ሊያስቀረኝ ቢል ያንን ጠረጴዛ በሙሉ መክሰስ ነበረበት፣ ራሱን ጨምሮ። ስሜን አልሰረዘም።

የሄድኩ ዕለት ጾሙ ገና አልተፈታም፤ ማለዳ አማቴን፣ የባሌን እናት፣ ወተት የሞላ ዕቃ ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቦረና ናቸው፣ ክርስትና አልተነሡም፤ ፈጣሪን ዋቃ ነው የሚሉት። በእሳቸው ወግ መንገደኛ ወተት ሳይቀምስ አይወጣም፤ እንቢ ያለ ምርቃቱን እንቢ እንዳለ ነው። ለካድሬው ያልኩትን ለእሳቸው ልል አልፈለግሁም። ተመለከቱኝና በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «ጾምሽ አውቃለሁ፣ እኔ ካድሬ ነኝ?» አሉ። ጣታቸውን ወተቱ ውስጥ እየነከሩ ደጁ ላይና እግሬ ላይ ረጩልኝ። «በናጋ ሂጂ፣ በናጋ ተመለሺ» አሉኝ፤ በሰላም ማለታቸው ነው።

ሥልጠናውን ጨርሼ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ተመለስኩ። ጾሜን እዚያም ጾምኩ፤ ባቄላና ዳቦ የትም አገር አለ። ቤት የገባሁት መብራት ሊበራ ሲል ነው። ልጆቹ ተንጠልጥለውብኝ ሳለ አማቴ ከጓዳ ብቅ አሉ፤ እኔን አካም ብለው ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ልጆቹን በኦሮምኛ ተቆጧቸው፣ ሰዓቱ ደርሷል፣ ቁሙ። ሦስቱም ወደ ምሥራቅ ዞረው ተሰለፉ። ትልቋ ጀመረች። አማቴ የማያውቁትን ጸሎት እያዳመጡ ከኋላ ቆመው፣ የተነቃነቀውን ሁሉ በጣታቸው ጀርባውን ነካ ያደርጋሉ።

የንስሐ አባቴን ቅዳሜ ሄጄ ተሳለምኳቸው። ልጆቹን ማን አጸለያቸው ብለው እስኪጠይቁኝ አልጠበቅሁም፤ እኔው ነገርኳቸው።