መርከቡ ጥሎን የሄደ ዕለት

ንጋት 11 ሰዓት፣ ኦክላንድ

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጭጋጉ ከወደቡ ክሬኖች ላይ ገና አልተነሣም። ወንድሜ ናሆም ሻንጣ ይጭናል፤ እናቴ ከፊት ወንበር ላይ ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች። እኔ ፍሪሞንት ከተማ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታ ፈረቃዬን ጨርሼ የገባሁት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ልብስ ስሸክፍ ነጋብኝ። ቀን ቀን ደግሞ ሳን ሆዜ አንዲት አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው።

የመርከብ ጉዞውን የገዛልን ናሆም ነው። «ቲኬቱ ሪፈንድ የለውም፣ ካንስል ላድርግ እንዳትይኝ» ብሎ አስቀድሞ አፌን አስያዘኝ። ኤርፖርት ስንደርስም ምክሩን አልጨረሰም።

«ፓስፖርቶቹን ከእጅሽ እንዳትለዪ። ስትደርሱ ቴክስት አድርጊልኝ።»

«ተዋት እስቲ» አለችው እማዬ። «ቆማ እየተኛች ነው።»

አምስተኛው ቀን፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ስኮትላንድ

ከእንግሊዝ ደቡብ ከተሳፈርን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ካቢናችን ከሞተሩ በላይ ስለሆነ አልጋው ሌሊቱን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። እንቅልፍ ይመጣል ስል ማዕበሉ ይመጣል።

ዛሬ የቆምንባት ከተማ ስሟን ሁለቴ ብሞክር እንኳ በትክክል መጥራት አልቻልኩም። መርከቡ ግዙፍ፣ ወደቧ ትንሽ ነውና ራቅ ብሎ መልሕቁን ጣለ፤ እኛን በትንንሽ ጀልባዎች አመላለሱን። ባሕሩን የምታይ አንድ ረጅም መንገድ፣ ግራጫ የድንጋይ ቤቶች፣ ጣሪያው ሁሉ ላይ ጭስ መውጫ፣ ጀልባ የሚቆምበት መድረክ ላይ የተከመረ የሸርጣን ማጥመጃ፣ የናፍጣና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ። ከጀልባዋ ስንወርድ አንዱ የመርከብ ሠራተኛ «የመጨረሻዋ ጀልባ አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ አንጠብቅም» ብሎ ደጋግሞ ነገረን።

ምሳችንን ከአንዲት ጠባብ ሱቅ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣና ድንች ገዛን። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ እማዬ ደግሞ ዓሣ ጾም ያስገድፋል ከሚሉት ወገን ናት። ድንቹን እሷ፣ ዓሣውን እኔ በላን።

ከቀኑ 8 ሰዓት

ከመድረኩ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር አግዳሚ ወንበር አገኘን። ንፋሱ አይደርስም፣ ፀሐይዋም ለስለስ ያለች ናት። «አምስት ደቂቃ ዓይኔን ልክደን» አልኳት።

ስነቃ ጭንቅላቴ ጭኗ ላይ ነው፤ ጃኬቷን አልብሳኛለች። ስልኬን አየሁ። አሥር ሰዓት ከአርባ። ወደ ባሕሩ ዞር ስል መርከባችን ጀርባውን ሰጥቶን እየሄደ ነው።

«እማዬ! ጀልባዋ!»

«አይቻታለሁ» አለች በቀስታ። «የጀልባዋ ሰውዬ ከታች ሆኖ በእጁ ጠራን። እኔም በእጄ ሂዱ አልኩት።»

«አልቀሰቀስሽኝም?»

«እጄ እምቢ አለኝ። ከሕፃንነትሽ ወዲህ እንዲህ ስትተኚ አይቼሽ አላውቅም።»

«ኢንሱሊንሽ ካቢን ፍሪጅ ውስጥ ነው! ማታ ምን ልትወጊ ነው?»

«እሱንስ አላሰብኩትም» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ላይ ጮኽኩባት። ምን እንዳልኩ ላለመጻፍ መርጫለሁ። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወደ መድረኩ ወረድን። ብርቱካናማ ጃኬት የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ የወደቡ ሠራተኛ ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

«መርከቡ አይመለስም» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። «ነገ ጠዋት ሰሜን ያለው ወደብ ላይ ታገኙታላችሁ፤ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው።» ፊቴን አየና ገመዱን አስቀመጠ። «ሌላ ነገር አለ?»

የእማዬን ስኳር ነገርኩት። ወዲያው የራሱን መኪና በር ከፈተልን።

የከተማዋ መድኃኒት ቤት በር ላይ «ዝግ ነው» የሚል ምልክት ተሰቅሏል። ሰውየው መስታወቱን በቡጢ መታ። ፀጉሯ ቀይ የሆነ ወጣት ፋርማሲስት ካፖርቷን እንደለበሰች ከፈተችልን። የማዘዣውን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋት፤ ካፖርቷን አውልቃ ሐኪም ዘንድ ደወለች። ረጅም ጊዜ ጠበቅን። እማዬ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ፈርታለች። ልክ እንደ እኔ።

«ተቆጥተሻል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ተቆጪ። ግን ተኝተሻል።»

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን በትንሽ ቀዝቃዛ ቦርሳ አድርጋ ይዛ መጣችና እማዬ ፊት ተንበርክካ፣ ከሷ ጋር የጋራ ቋንቋ ባይኖራትም፣ አወጋጉን በምልክት አሳየቻት። እማዬ ሃያ ዓመት የተወጋችውን እንደ አዲስ ተማሪ ራሷን እየነቀነቀች ተከታተለቻት። ከዚያ ግንባሯን ሳመቻት።

ስድስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ አውቶቡስ ላይ

ያደርነው የወደቡ ሠራተኛ እህት በምታከራየው ክፍል ነው። አልጋው አይንቀጠቀጥም። አሁን በመስኮቱ በኩል በጎች፣ እርጥብ ሣር፣ ጥቁር ሐይቅ ያልፋል። አንድ ሌሊት የዘጠኝ ዓመት ድካም አያወጣም።

«ይቅር በይኝ እማዬ፣ ለትናንቱ ጩኸት።»

«እኔም መድኃኒቴን ረስቼ አስደንግጬሻለሁ» አለችና እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «እኩል ነን።»

መርከቡን ሰሜኑ ወደብ ላይ ቆሞ አገኘነው። በር ላይ ያለው ጠባቂ ካርዳችንን አይቶ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ፣ ገበያ ደርሰን የተመለስን ይመስል።

ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር፣ ቤት

ሻንጣው ሳይፈታ ስልኬ ጮኸ። የፍሪሞንት አለቃዬ ናት። ቅዳሜና እሁድ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ፣ ትሠሪያለሽ ወይ ትላለች። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የነበረኝ መልስ «እሺ» ብቻ ነበር።

«አልችልም» አልኳት።

«አሞሽ ነው?»

«አላመመኝም። ደክሞኛል።»

«ይሁን» ብላ ዘጋች። የሳን ሆዜውን ሥራም ወሩ ሲያልቅ ለቀቅኩ፤ ወጪው እንዴት እንደሚሸፈን ዛሬም አልጠራልኝም።

ያን ዕለት እማዬ የስልክ ንግግሬን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነው፤ «ታየርድ»፣ ደክሞኛል፣ የምትለዋን ቃል ግን ታውቃታለች።

«በይ» አለችኝ፣ «መጋረጃውን ልዝጋልሽ።»