መርዶ ይዘን ወደ አሌክሳንድሪያ

ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሣነው ጎህ ሲቀድ ነው። ደሴ የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ማረፋቸውን ልጃቸው ደውሎ ነግሮኛል፤ «አደራ፣ እህቴ በስልክ እንዳትሰማ» ብሎ። እህቱ አልማዝ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። ማንም ሳይቀድመን መድረስ አለብን። መኪናውን የምትነዳው ልጄ ሳራ ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

ዊተን

የዕድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰን ከአፓርትማቸው በር ላይ አነሣናቸው። ያለ ሽማግሌ መርዶ አይነገርም። ጥቁር ኮት ላይ ነጠላ ደርበው ብርዱ ውስጥ ቆመው ነበር። ማደያ ጋ ወርደው ቡና ገዙልን። «ለአንድ ኩባያ አራት ዶላር። ዘረፋ ነው» አሉ፤ እኔ ልክፈል ስል ግን ተቆጡኝ።

ቤልትዌይ

ቅዳሜ ስለሆነ የቀለበት መንገዱ ጭር ብሏል፤ ግራና ቀኙ ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ነው። ሳራ ዝምታው ጨነቃት መሰል፣ ስለ ኮርሷ ታወራ ጀመር። ዝግመተ ለውጥ የሰውን ሐሳብና ስሜት እንዴት እንደቀረጸ ነው የምትማረው።

«ድሮ ሰው በትንንሽ ግሩፕ ነበር የሚኖረው፤ ብቻውን የቀረ አይተርፍም። ለዛ ነው ብቸኝነት የሚያመን። ፊት ማንበብም እንደዛው። አደጋውን ከሌላው ፊት ላይ ቶሎ ያየ ሰርቫይቭ ያደርጋል። እኛ የነሱ ልጆች ነን።»

«በጠዋቱ ከዝንጀሮ መጣችሁ ልትይን ነው?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ኖ ጋሼ፣ ከዝንጀሮ አይደለም። ኮመን አንሴስተር ነው ያለን።»

«ዘመዳሞች ነን ማለትሽ ነዋ። ይባስ» አሉና ሳቁ።

እኔ ግን በሐሳብ ደሴ ገብቼ ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነኝ። ጎረቤቱ ግቢያችን ተሰብስቦ ሲያንሾካሹክ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። እትዬ ዘነበች ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በነጠላቸው ሸፈኑኝ፤ ቀኑን ሙሉ አልለቀቁኝም። ያ ሰፈር፣ ያ ሁሉ ሰው ናፈቀኝ። የእሳቸውን መርዶ ተሸካሚ እኔ መሆኔ ከበደኝ።

ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንደርስ ስልኬ ጠራ። አልማዝ ናት።

«እንዳታነሺው፣ ድምፅሽ ያስታውቅብሻል» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ደግማ ደወለች። አላነሣሁም። ሰምታ ይሆን?

አሌክሳንድሪያ

ሳናንኳኳ በሩን ከፈተችው። ለሥራ ለብሳ አንድ ጫማ ብቻ አጥልቃለች። አልሰማችም ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁልጊዜ ትደውልልኛለች።

«ምነው ስልክ አታነሺ...» ብላ ጀመረችና ፊቴን አየችው። የጋሽ ታደሰን ነጠላ አየች።

«እማዬ ናት አይደል?»

ጋሽ ታደሰ «አዎ፣ ልጄ» አሏት። ቀድማ ያለቀሰችው ሳራ ናት፤ እትዬ ዘነበችን በፎቶ እንኳ አታውቃቸውም። ወለሉ ላይ የወደቀችውን አልማዝን አቅፋ አብራት ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ሞልቶ መቀመጫ ሲጠፋ እንኳ ከአጠገቧ አልተነሣችም።

መልስ

ጋሽ ታደሰን አድርሰን ሲመሻሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን። ሰው ለብቻው ሊያዝን እንዳልተሠራ ልጄ በክፍል ተምራዋለች፤ እኔ ደግሞ እትዬ ዘነበች ጭን ላይ። ሳራ ሞተሩን አጠፋችና ሳትወርድ ቀረች።

«እማ» አለችኝ፣ «አንድ ቀን አንቺ ስትሆኚ... እኔን ማንም ቴክስት እንዳያደርገኝ። እንዲህ ሰብሰብ ብለው ይምጡልኝ።»

«ለዕድሩ እነግርልሻለሁ» አልኳት።